በቤት የሚሠራ የሞተር መጋዝ ፍሬም፦ ትልቅ ግንድ ቀጥ አድርጎ ስለመሰንጠቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዛሬ ስድስት ዓመት አማቴ ግቢ ውስጥ የነበረ ትልቅ የፈረንጅ ጥድ ተቆረጠ። ሥሩ የጎረቤት አጥር እየገፋ ስለነበር ሌላ ምርጫ አልነበረም። ግንዱ ከሥሩ በኩል 45 ሳንቲ ይወፍራል። መሰንጠቂያ ቤት እንውሰደው ስንል ለክሬንና ለአይሱዙ የተጠየቅነው ገንዘብ ከጣውላው ዋጋ በለጠ። "በቃ ማገዶ ይሁን" ተባለ። እኔ ግን አንጀቴ አልቻለም። ከብየዳ ቤት የተራረፈ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) ሰብስቤ ለሞተር መጋዝ የሚገጠም ፍሬም ሠራሁ። ዛሬ አማቴ ቤት እንግዳ የሚስተናገድበት ረጅም ጠረጴዛ ከዚያ ግንድ የወጣ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አናጢዎች፣ ገጠር ባሕር ዛፍ ያላቸው ዘመዶች፣ ብየዳ የሚሠሩ ወጣቶች። ጥያቄው ስለሚደጋገም እዚህ ሰብስቤ መልሼዋለሁ።

ፍሬሙ ምንድን ነው? ያለሱ አይቻልም?

የሞተር መጋዝ የተሠራው ዛፍ ለመጣልና ግንድን ወርዱን ለመቆራረጥ ነው። ጣውላ ለማውጣት ግን ግንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቁመቱ መሰንጠቅ ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት ሜትር ሙሉ መጋዝ በእጅ ብቻ ይዞ ቀጥ ማለት ከባድ ነው። እጅ ይደክማል። ሰንሰለቱ ወደ ለስላሳው ቃጫ ያዘነብላል፣ ጉጥ ሲያገኝ ደግሞ ይሸሻል። ለአጥር ቋሚ ሊበቃ ይችላል። ለጠረጴዛ ወይም ለበር ግን አይሆንም።

ፍሬሙ የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው። ባሩን፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ጠፍጣፋ ብረት፣ ከአንድ ገጽ በእኩል ርቀት ይዞ ያስኬደዋል። ስለዚህ ልብ በሉ፤ ፍሬሙ ራሱ ምንም ነገር ቀጥ አያደርግም። የሚሄድበትን ገጽ ቅርጽ ይቀዳል። የሚሄድበት ቀጥ ካለ ጣውላው ቀጥ ይላል። የሚሄድበት ከጎበጠ ጣውላውም ይጎብጣል። ሰው በሞተሩ ጉልበትና በብረቱ ውፍረት ሲጨነቅ አያለሁ። መጨነቅ ያለበት ግን በዚህ ነው።

ስንት ዓይነት አለ? የትኛውን ልሥራ?

ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ባሩን አጋድሞ የሚይዘው ነው። ግራንበርግ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ "አላስካን" ብሎ የሚሸጠው ይህንኑ ነው። ከላይ በጠፍጣፋ ገጽ ላይ እየተንሸራተተ ከሥሩ ጣውላ ይለያል። ሰፊ ጣውላ የሚወጣው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ትንሹ ነው። ባሩን ወደ ታች አቁሞ ይይዘዋል። ግንዱ ላይ 5 በ15 የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ በብሎን ይታሰራል። የመጋዙ መያዣ ያንን ጣውላ እንደ ሐዲድ አቅፎ ይሄዳል። የግንዱን ጎን ለማረቅ፣ ሞራሌና ወራጅ ለማውጣት ጥሩ ነው። ለመሥራትም ይቀላል፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ፍላጎታችሁ ጣውላ ከሆነ አግድሙን ሥሩ። እኔ ሁለቱንም ሠርቻለሁ። ከአሥር ጊዜ ስምንቱን የማነሳው አግድሙን ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ከምን ይሠራል? ልኩስ?

ባለ 60 ሳንቲ ባር ላለው መጋዝ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ባራችሁ ከረዘመ ወይም ካጠረ ልኩን እንደዚያው አስተካክሉ።

ሁለት ባለ 30 በ30 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ ግድግዳው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ። እነዚህ ከባሩ ጋር ጎን ለጎን ይተኛሉ። በመካከላቸው 20 ሳንቲ ክፍተት ይኑር። ዳርና ዳር በአጭር ቱቦላሬ ይበየዳሉ። የመስኮት ፍሬም የመሰለ ነገር ይወጣል። ግንዱ ላይ የሚንሸራተተው ይህ ነው።

በሁለቱ ዳር መሐል ላይ ከዚያው ከ30ው ቱቦላሬ 12 ሳንቲ የሚሆን ቁራጭ አቁማችሁ በይዱ። ይህ እጀታ ወይም እንደ ሰገባ ነው። በውስጡ እግር የምለው ባለ 25 በ25 ቱቦላሬ ይገባል። ከ30 ላይ የሁለቱ ግድግዳ 4 ሚሊ ሲቀነስ 26 ይቀራል፤ ስለዚህ 25ቱ ያለ ብዙ መንገዳገድ ይወርዳል፣ ይወጣል። በእጀታው ጎን ቀዳዳ ብሱና ዳዶ በይዱበት። በዚያ የሚገባ ባለ 8 ሚሊ ብሎን እግሩን ያጠብቀዋል። ለእያንዳንዱ እጀታ ሁለት ብሎን አድርጉ። አንድ ብቻ ከሆነ ንዝረቱ ያላላዋል።

አሁን ባሩን የሚይዘው ክፍል። በእያንዳንዱ እግር ጫፍ ባሩን ከላይና ከታች የሚያጣብቁ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ያስፈልጋሉ፣ ውፍረታቸው 8 ሚሊ። ብረቶቹ ከባሩ ወርድ ይሰፋሉ፤ ማጥበቂያ ብሎኖቹ ከሰንሰለቱ ውጪ ያልፋሉ። በብረቶቹና በባሩ መሐል ደግሞ 10 ሚሊ የሚወፍር ጠባብ ቁራጭ ብረት ይገባል፣ ወርዱ 4 ሳንቲ ገደማ። ባሩን የሚነካው ይህ ቁራጭ ብቻ ነው። ለምን? የሰንሰለቱ ጥርስ ከባሩ ውፍረት በላይና በታች ወጣ ይላል። ቁራጩ ከሌለ ጥርሱ መያዣውን ይበላዋል። ብሎኖቹም ከሰንሰለቱ ቢያንስ 15 ሚሊ ይራቁ። ስታጠብቁ ሰንሰለቱን በእጅ (በጓንት) አዙሩት። የትም ሳይነካ ከዞረ ጥሩ ነው።

ሁለቱ መያዣዎች ከግንዱ ውጪ መሆን ስላለባቸው ከባሩ ርዝመት 12 ሳንቲ ያህል ይበሉባችኋል። ባለ 60 ባር 48 ሳንቲ ብቻ ይሰነጥቃል ማለት ነው። ግንዱን ከመለካታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ስለ ብየዳው አንድ ነገር። ብየዳ ብረት ይጎትታል። አንዱን ማዕዘን አንዴ ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ፍሬሙ ይጣመማል። መጀመሪያ አራቱንም ማዕዘን በነጥብ ብቻ ያዙ። በስኳድራ ለኩ። ከዚያ እያቀያየራችሁ ጨርሱ። ሲያልቅ ጠፍጣፋ መስታወት ወይም የሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጡት። አንዱ ጥግ የሚወዛወዝ ከሆነ እዚያው አስተካክሉት። የእኔ የመጀመሪያ ፍሬም 3 ሚሊ ይወዛወዝ ነበር። "ምን አላት" ብዬ ተውኩት። ጣውላዎቹ ሁሉ በዚያው ልክ ተጣመው ወጡ።

የፍሬሙን ሆድ በሞረድ አለስልሱና ሻማ ቀቡት። ልዩነቱን እጃችሁ ወዲያው ያውቀዋል።

ባሩን በስቼ በብሎን ባስረውስ? ይቀላል ይባላል።

ይቀላል። እኔ ግን አልበሳም። ብዙ ባሮች ሦስት ስስ ብረቶች ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው፤ ሲበሱ ይደክማሉ። አንድ ወጥ የሆነው ባር ሊበሳ ይችላል፤ ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ግን ተራ የትራፓኖ መብሻ አይበሳውም። በአፍንጫው በኩል ያለችው ትንሽ ጥርስ ጎማ አካባቢ ግን በምንም ዓይነት እንዳትነኩ።

ባለ 3 ሳንቲ ጣውላ ለማውጣት ከየት እስከ የት ነው የምለካው?

ከፍሬሙ ሆድ እስከ ጥርሱ የላይኛው ጠርዝ። ብዙ ሰው እስከ ባሩ ይለካና ጣውላው ሁለት ሚሊ ሲቀንስበት ግራ ይገባዋል። በሁለቱም ዳር ለኩ። ከጠበቀ በኋላም ደግማችሁ ለኩ፤ ሲጠብቅ ይንቀሳቀሳልና። እኔ እግሮቹ ላይ በየ5 ሚሊው በብረት መጋዝ ምልክት አድርጌያለሁ። በሜትር መለካቱን ግን አልተውኩም።

የመጀመሪያውን ቅድ እንዴት ልቅደድ? ግንድ ክብ ነው፤ ፍሬሙ በምን ላይ ይሄዳል?

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። ቀጣዮቹ ጣውላዎች በሙሉ የመጀመሪያውን ገጽ ይቀዳሉ። የመጀመሪያው ከተበላሸ ስምንት ጣውላ ተበላሸ ማለት ነው። እኔ ለዚህ አንድ ቅድ አንድ ሰዓት እሰጣለሁ። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አሥር ደቂቃ ቢፈጁ ነው።

መጀመሪያ ግንዱን ከመሬት አንሡ። ሁለት ጉማጅ ሥሩ አስገቡና ጉልበት ድረስ ከፍ ይበል። ግራና ቀኝ በሽብልቅ አስይዙት። ከቻላችሁ በምትገፉበት አቅጣጫ ትንሽ ቁልቁል ይሁን፤ የመጋዙ ክብደት ያግዛችኋል። ከላይ ያለውን ቅርፊት ላጡት። ቅርፊት ውስጥ አሸዋና ጭቃ አለ። ጥርስ የሚያደነዝዘው ከእንጨቱ ይልቅ አሸዋው ነው።

ቀጥሎ ሐዲድ ያስፈልጋል። የአሉሚኒየም መሰላል ካላችሁ ከእሱ የተሻለ የለም። ቀጥ ያለ ነው፣ ቀላል ነው፣ በቶሎ አይጎብጥም። ከሌለ ሁለት ረጅም ቱቦላሬ በአጭር ቁራጭ አያይዛችሁ መሰላል የመሰለ ነገር ሥሩ። ከግንዱ በሁለቱም ጫፍ 30 ሳንቲ ያህል ይብለጥ። ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም። ፍሬሙ ሲገባና ሲወጣ ግማሽ አካሉ አየር ላይ ከሆነ ያዘነብላል። ያኔ ጣውላው ጫፍና ጫፉ ላይ ይሰረጉዳል።

በግንዱ ሁለት ጫፍ አንድ አንድ ቁራጭ ጣውላ በብሎን ምቱ፤ መሰላሉ የሚቀመጠው በእነሱ ላይ ነው። ሁለቱንም በውሃ ልክ አስተካክሉ። አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ገጹ ይጠመዘዛል። መጠምዘዝ ደግሞ በመላጊያ የማይታረም ጥፋት ነው።

አሁን የምወደው ዘዴ። ሁለት የሲባጎ ክር አምጡ። አንዱን ከመሰላሉ ቀኝ ራስ ወደ ግራ እግር ወጥሩ። ሌላውን ከግራ ራስ ወደ ቀኝ እግር። መሐል ላይ ይሻገራሉ። መሐሉ ላይ ሁለቱ ክሮች ከተሳሳሙ ብቻ፣ ማለትም አንዱ ሌላውን ሳይጫን ከነካው፣ አራቱ ጥግ አንድ ደረጃ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ጣት የሚገባ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ሌላውን ከገፋው፣ የሆነ ጥግ ከፍ ብሏል። ከዚያ የላይኛውን ክር ወደ ታች አድርጋችሁ ድገሙት። ምንም መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ከውሃ ልክ የበለጠ ያሳያል።

መሰላሉ መሐሉ ላይ እንዳይረግብ በየሜትሩ ስስ ሽብልቅ ከሥሩ አስገቡ። ግንዱ ወደ ጫፉ የሚቀጥን ከሆነ ደግሞ መሰላሉን ከቅርፊቱ ጋር ሳይሆን ከልቡ ጋር አስተካክሉ። በሁለቱም ጫፍ የግንዱን ልብ ፈልጉና ከመሰላሉ እስከ ልቡ ያለው ርቀት እኩል ይሁን።

የመጨረሻው ነገር ብሎኖቹ ናቸው። ባሩ ከብሎኖቹ ጫፍ በታች ማለፍ አለበት። አንድ ቀን ባለ 10 ሳንቲ ብሎን ተጠቅሜ ባሩን 9 ሳንቲ ላይ አሰርኩት። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ብልጭታ አየሁ፣ መጋዙ ዘለለ፣ ከሰጋቱራው ጋር ትኩስ ብረት ክንዴን መታኝ። አምስት ጥርስ ተሰብሯል። አዲስ ሰንሰለት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሎን ከመምታቴ በፊት ርዝመቱን ለክቼ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ።

ቅዱ ሲጀመር ሙሉ ነዳጅ ስጡ። አትግፉ። መጋዙ በራሱ እንዲበላ ተዉት። ግማሽ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ከኋላ ባለው ክፍተት የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ሽብልቅ አስገቡ። የብረት ሽብልቅ አይሁን። በየግማሽ ሜትሩ ጨምሩ። ካላደረጋችሁ ከላይ ያለው እንጨት ይወርድና ባሩን ይቆነጥጠዋል።

ከዚህ በኋላ መሰላሉን አንሡት። ሁለተኛው ቅድ በወጣው ገጽ ላይ በቀጥታ ይሄዳል።

የእኔ መጋዝ 52 ሲሲ ነው። ይበቃል?

እንደ ግንዱ ነው። እስከ 30 ሳንቲ ለሚሆን የፈረንጅ ጥድ ወይም ግራቪላ፣ በትዕግሥት፣ አዎ። ለ45 ሳንቲ ባሕር ዛፍ ግን ሞተሩን ትገድሉታላችሁ። በቁመት መሰንጠቅ ወርዱን ከመቁረጥ በጣም ይከብዳል። ወርዱን ስትቆርጡ ሞተሩ ግማሽ ደቂቃ ሠርቶ ያርፋል። እዚህ አሥር ደቂቃ ሙሉ ነዳጅ ላይ ይቆያል። ለ40 እና 50 ሳንቲ ግንድ 70 ሲሲና ከዚያ በላይ እመክራለሁ። ለምሳሌ ስቲል ኤምኤስ 381 72 ሲሲ ነው።

የእኛ አገር ሰው ሌላም ማሰብ ያለበት ነገር አለ፤ ከፍታ። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 3 በመቶ ያጣል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ወደ ሩብ የሚጠጋው አየሩ ውስጥ ቀርቷል። ደብረ ብርሃን ላይ ይብሳል፣ ሐዋሳ ላይ ይሻላል። ፈረንጅ በቪዲዮ ሲሰነጥቅ ያያችሁት ፍጥነት እናንተ ጋ ካልመጣ መጋዛችሁን አትጠራጠሩ።

ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ስለዚህ ካርቡሬተሩ መስተካከል አለበት። ግን ለዚህ ሥራ አታጥብቡት። ትንሽ ወደ መብዛት ያጋደለ ይሁን። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ፒስተኑ ይነክሳል። ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ አቁሙ። ጥቀርሻ ከለበሰ በዝቷል። ዘይቱ አምራቹ በሚለው ልክ ይሁን፤ በብዛት ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ነው። ቅዱ ሲያልቅ ወዲያው አታጥፉ። በሚኒሞ አንድ ደቂቃ ይሥራና ይቀዝቅዝ።

ሰንሰለቱስ? ተራው አይሆንም?

ይሆናል። ግን ይዘገያል፣ ገጹም ይሻክራል። ተራው ሰንሰለት ጥርሱ 30 ዲግሪ አካባቢ ተሞርዷል። ለቁመት ቅድ 10 ዲግሪ ይመረጣል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ሰንሰለት ይሸጣል። ካጣችሁ ተራውን በየሞረዱ ቀስ በቀስ ወደ 10 አምጡት። በአንድ ቀን አይሁን፤ ጥርሱ ያልቃል።

ሞረዱ ከጥርሱ ጋር ይግጠም። ለባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ሰንሰለት 5.5 ሚሊ ነው፣ ለስቲል ደግሞ 5.2። እኔ ከሁለት ቅድ በኋላ ሁልጊዜ እሞርዳለሁ፤ በእያንዳንዱ ጥርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ። የግራና የቀኝ ጥርሶች እኩል ይሁኑ። አንዱ ጎን ከረዘመ ባሩ ወደዚያ ይሄዳል፤ ፍሬሙም አያድነውም።

የስለቱን ነገር ሰጋቱራው ይነግራችኋል። እፍኝ አንሡና እዩት። ረዘም ያለ፣ ክር የመሰለ ከሆነ ስለቱ ጥሩ ነው። እንደ ዱቄት ከላመ፣ ወይም የተቃጠለ ከሸተተ፣ አቁማችሁ ሞርዱ። ያን ጊዜ መግፋት የጀመራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ሰንሰለቱ መብላት ትቷል።

ጣውላዬ ገጹ ሞገድ ሞገድ ሆነ። ለምን?

በብዛት ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው። የደነዘዘ ሰንሰለት፣ የላላ ሰንሰለት፣ ወይም ቆም እያሉ መግፋት። አንድ ዳር ብቻ ከወፈረ የዚያ ወገን እግር ብሎን ላልቷል። ሁለቱም ጫፍ ከሳሳ ሐዲዱ አጭር ነበር። መሐሉ ከጎበጠ መሰላሉ ረግቧል። በየቅዱ መሐል ብሎኖቹን ሁሉ በቁልፍ ንኩ። ድርብ ዳዶ ብታደርጉ ደግሞ ይመረጣል።

ባሕር ዛፍ ስሰነጥቅ ጣውላው ወዲያው ይጎብጣል፣ ጫፉ ይተረተራል። ጥፋቱ የእኔ ነው?

አይደለም። ባሕር ዛፍ በውስጡ ውጥረት ይዞ ነው የሚያድገው። የውጪው እንጨት የተወጠረ ገመድ ነው፣ ልቡ ደግሞ የታመቀ። ስትሰነጥቁት ገመዱ ይለቀቃል። ጣውላው ወደ ቅርፊቱ በኩል ይቀስታል። አንዳንዴ ቅዱ ሳያልቅ ጫፉ "ጧ" ብሎ ይከፈታል፤ ስለዚህ እግራችሁን ከሥሩ አርቁ።

ማስወገድ አይቻልም፤ ማብረድ ግን ይቻላል። ግንዱን አጠር አድርጉት፤ እኔ ከ2 ሜትር ከግማሽ አላሳልፍም። ከአንድ ወገን ብቻ አትላጡት። አንድ ከላይ ካወጣችሁ ግንዱን ገልብጡና ከሌላው ወገን አውጡ። እንደዚህ እያቀያየራችሁ ወደ ልቡ ግቡ። በእርግጥ በተገለበጠ ቁጥር መሰላሉ መመለስ ሊኖርበት ይችላል። ያደክማል። ለባሕር ዛፍ ግን ሌላ መንገድ አላገኘሁም። ልቡን ለጣውላ አትፈልጉት፤ 10 በ10 የሆነ ቋሚ ይውጣበት። ዛፉ እንደወደቀም ቶሎ ሰንጥቁት። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ነው።

የፈረንጅ ጥድ በዚህ በኩል የዋህ ነው። ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ።

ስንት እንጨት ይባክናል?

ይባክናል፤ መካድ የለብኝም። የሰንሰለት ቅድ 9 ሚሊ ገደማ ይበላል። መሰንጠቂያ ቤት ያለው ባንድሶ (እንደ ቀበቶ የሚዞረው ስስ መጋዝ) 3 ሚሊ። ባለ 40 ሳንቲ ውፍረት ካለው ግንድ ባለ 4 ሳንቲ ጣውላ ብታወጡ፣ በሞተር መጋዝ 8 ይወጣል፣ በባንድሶ 9። ልዩነቱ አንድ ጣውላ ነው። ስስ ጣውላ ካወጣችሁ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። ስለዚህ በዚህ ፍሬም ወፍራም ነገር አውጡ። መኪና የሚገባበት ቦታ ላለ ግንድ ደግሞ መሰንጠቂያ ቤት ይሻላል ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

አደጋው ምን ያህል ነው?

ከባድ ነው። ይህን ክፍል ሳያነብ ፍሬም የሚሠራ ሰው እንዳይኖር እፈልጋለሁ።

ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል፤ የጆሮ መሸፈኛ የግድ ነው። መነጽር፣ ጓንት፣ ጠንካራ ጫማ። መቆረጥ የሚቋቋም ሱሪ ማግኘት ከቻላችሁ አታመንቱ። ሻርፕና የሚንጠለጠል ልብስ አይሁን። መጋዙ ጎኑ ላይ ስለሚተኛ ጭሱ ፊታችሁ ላይ ይመጣል። ነፋሱን ከጎናችሁ አድርጉ፤ ራስ ምታት ከጀመራችሁ አቁሙ። የታጠረ መጋዘን ውስጥ ፈጽሞ አይሆንም። ሰንሰለት ሊበጠስ ይችላል፤ ስለዚህ ሰንሰለቱ በሚዞርበት መስመር ማንም አይቁም። በተለይ ልጆች። ሥራው ስለሚያምር ልጆች ይሰበሰባሉ። የሰንሰለት ፍሬን የማይሠራ መጋዝ ፍሬም ላይ አትግጠሙ። ብቻችሁን አትሥሩ።

የግንዱን መንከባለልም አስቡ። የ2 ሜትር እርጥብ ባሕር ዛፍ ብዙ መቶ ኪሎ ነው። ሽብልቁን በየቅዱ እዩ።

ማንኛውንም ዛፍ መሰንጠቅ እችላለሁ?

አትችሉም። የራስን ባሕር ዛፍ መቁረጥና ዋንዛ፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድ ወይም ኮሶ መቁረጥ አንድ አይደለም። እነዚህ አገር በቀል ዛፎች ተመናምነዋል። ብዙዎቹን በትልቅነታቸው የምናያቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ብቻ ሆኗል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 አለ፤ ክልሎችም የራሳቸው ደንብ አላቸው። በነፋስ የወደቀ ቢሆን እንኳ መጋዝ ከማንሳታችሁ በፊት ወረዳ ጠይቁ። ጣውላውን በመኪና የምታጓጉዙ ከሆነም ወረቀት ያዙ፤ ኬላ ላይ ይጠየቃል።

ጣውላው ወጣ። አሁንስ?

ጫፎቹን በዚያው ቀን ቀለም ወይም ሰም ቀቡ። ውሃ የሚያመልጠው በጫፍ ነው፤ መሰንጠቅም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጥላ ሥር፣ ከመሬት 30 ሳንቲ ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩ። በየንብርብሩ መሐል ባለ 2 ሳንቲ ተኩል ደረቅ ዘንግ አስገቡ፣ በየ40 እና 50 ሳንቲው። ዘንጎቹ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ላይ ይቁሙ። ከላይ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ጫኑበት። ቆርቆሮ ይከለልበት፣ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። በሸራ ጠቅልለው የሚያስቀምጡ አሉ፤ ይሻግታል።

የተለመደው ስሌት ለ25 ሚሊ ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ክረምቱን አይታችሁ ጨምሩበት። የአማቴ ጠረጴዛ 5 ሳንቲ ነበር። ሁለት ክረምት አሳለፍንበት።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አለኝ። ፍሬሙን ላስመጣ?

ፍሬሙን አታስመጡ። ብረት ነው፤ ሻንጣ ይሞላል፣ እዚህም ይሠራል። ይልቅ ለቁመት ቅድ የሚሆን ሰንሰለት ሁለት ሦስት፣ የሞረድ መምሪያና መቆረጥ የሚቋቋመውን ሱሪ ይዘውላችሁ ይምጡ። ሰንሰለት ስታዝዙ ሦስት ነገር ላኩላቸው፦ የሰንሰለቱ እርምጃ (ሦስት ስምንተኛ የሚባለው ዓይነት ልክ)፣ የባሩ ቦይ ስፋት፣ በባሩ ዙሪያ ያሉት የመንጃ ጥርሶች (ቦዩ ውስጥ የሚገቡት) ቁጥር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ባሩ ላይ ተቀርጸዋል። ሦስተኛውን እናንተ አንድ በአንድ ቁጠሩ። መጀመሪያ የቆጠራችሁትን ጥርስ በኖራ ምልክት አድርጉበት፤ አለበለዚያ አንዱን ሁለት ጊዜ ትቆጥራላችሁ።